ለአላህ ነው ወይስ በክፍያ?



አንድ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ እጃችሁ ሲገባ በሽፋኑ ላይ የደራሲውን ወይም የተርጓሚውን ስም ታነባላችሁ። ገለጥ ስታደርጉት የአሳታሚውንና የማተሚያ ቤቱን ስም ታገኛላችሁ። በእነዚህ መካከል ግን ብዙ ጊዜ ስሙ የማይጻፍ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም አራሚው ነው። ረቂቁን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቃል በቃል እየተከተለ የተጣመመውን ዐረፍተ ነገር የሚያቀና፣ የተዘለለውን ቃል የሚመልስ፣ የተሳሳተውን ዓመተ ምሕረት የሚይዝ ሰው ነው።

እኛ በመቀሌ ከተማ በመምህርነት የምንተዳደር ስንሆን፣ ቀን አማርኛ እያስተማርን ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ይህንኑ የእርማት ሥራ በግላችን እየተዋዋልን እንሠራለን። ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው ስለ ሥራው ጥበብ አይደለም። ብዙዎቻችን ለመናገር ስለምናፍርበት ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ውሉና ስለ ክፍያው ነው።

ለምን እናፍራለን? ቢባል፣ መጽሐፉ የዲን መጽሐፍ ሲሆን ከንግግሩ ሁሉ አስቀድሞ «ለአላህ ብለህ» የምትለው ቃል ስለምትመጣ ነው። ይህች ቃል የከበረች ናት። ይሁን እንጂ ሥራው ሶደቃ ይሁን ቅጥር ሳይለይ ስትነገር በወንድማማቾች መካከል ብዙ ቅሬታ ታስከትላለች። ቅሬታውም ብዙውን ጊዜ አይነገርም፤ በልብ ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

ሥራው ምን ያህል ነው?

በሀገራችን በአማርኛ የሚታተሙ ኢስላማዊ መጻሕፍት ታሪክ ረጅም አይደለም። የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት ዐዋጅ ቁጥር 34 ወጥቶ ቅድመ ምርመራ ሲቀር፣ እንደ ቢላል ያሉ መጽሔቶችና ከዐረብኛ የተተረጐሙ መጻሕፍት በየሱቁ መታየት ጀመሩ። ዛሬ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ ካሉት የዲን መጻሕፍት ብዙዎቹ ትርጉሞች ናቸው። ትርጉም ደግሞ ለአራሚ ከባድ ነው።

ጥቂት ምሳሌ እንስጥ። በአንድ ረቂቅ ውስጥ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም አንድ ቦታ «ሙሐመድ»፣ ሌላ ቦታ «ሙሀመድ»፣ ደግሞ ሌላ ቦታ «መሐመድ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። «ሶላት» እና «ሰላት»፣ «ቁርኣን» እና «ቁርአን» እየተቀላቀሉ ይመጣሉ። አራሚው አንዱን መርጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስተካከል አለበት፤ ለዚህም በስተጎን አንድ የቃላት መዝገብ እየያዘ ይሄዳል።

የዓመቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። የዐረብኛው ጸሐፊ በሂጅራ ወይም በሚላድያ ይቈጥራል፤ አንባቢያችን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይቈጥራል። ተርጓሚው የመጀመሪያዎቹ ሶሓቦች ወደ ሐበሻ የተሰደዱት «በ615 ዓ.ም.» ነው ብሎ ቢጽፍ፣ ቍጥሩ የሚላድያ መሆኑ ካልተገለጸ አንባቢው በእኛ አቈጣጠር ይወስደዋል፤ በመካከሉ ያለው ልዩነትም 7 ወይም 8 ዓመት ነው። የተጠቀሱት የሱራና የአያ ቍጥሮችም አንድ በአንድ ከሙስሐፉ ጋር መመሳከር አለባቸው። በዚህ ላይ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ሲዛወር ፊደል እየተለዋወጠ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ «ፊደል ለቀማ» በሚለው ትንሽ ስም ሲጠራ ሰምተናል።

ቀደምት ዑለማእ ይህን ሥራ አልናቁትም። አንድ ኪታብ ተገልብጦ ካበቃ በኋላ ከዋናው ቅጂ ጋር ድምፅ እያሰሙ ያስተያዩት ነበር፤ ሙቃበላ ይሉታል። በዕለቱ የደረሱበትንም ቦታ በኅዳጉ ላይ «በለገ» ብለው ያመለክቱ ነበር፤ «ደረሰ» ማለት ነው። ያልተመሳከረ ቅጂ በእነርሱ ዘንድ እምነት የሚጣልበት አልነበረም። እንግዲህ አራሚው የሚሠራው ይህንኑ የሙቃበላ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

«በወንድማማች መካከል ምን ውል ያስፈልጋል?»

ይህን ጥያቄ ደጋግመን ሰምተነዋል። መልሱን በአንድ የሥራ ባልደረባችን ላይ በደረሰው ነገር ብናሳይ ይሻላል።

ባልደረባችን በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ አሳታሚ የ240 ገጽ ረቂቅ በወረቀት ታትሞ በመንገደኛ እጅ ተላከለት። ውላቸው በስልክ የተነገረ ቃል ብቻ ነበር፤ ሁለቱም የሚተማመኑ ሰዎች ናቸውና። በሰኔ መጨረሻ ግን ስልኩ፣ ኢንተርኔቱ፣ ባንኩም ተቋረጠ። የመምህራን ደመወዝም ቆመ። ባልደረባችን ያን ጊዜ በእጁ ካለው ረቂቅ በቀር ገቢ ያመጣልኛል የሚለው ሌላ ሥራ አልነበረውም። መብራት ሲጠፋ በሻማ፣ ሻማ ሲወደድ በቀን ብርሃን እያረመ 170 ገጽ ደረሰ። «መንገዱ ሲከፈት ይከፈለኛል» እያለ ለልጆቹም ተስፋ ይሰጥ ነበር።

በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ የስልክ መስመሩ ሲመለስ ደወለ። መጽሐፉ ግን በሌላ ሰው ታርሞ ታትሞ ነበር። አሳታሚው «ወንድሜ፣ በሕይወት መኖርህንም አላወቅንም፤ መጽሐፉን እስከ መቼ እናቆየው?» አለ። እውነቱን ነው። ባልደረባችንም «የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ፤ ተው ያለኝ የለም» አለ። እርሱም እውነቱን ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም፤ አንዳቸውም አልከዱም። በመካከላቸው ያልነበረው «ግንኙነት ቢቋረጥ እንዲህ ይሁን» የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው።

ነገሩ በሽማግሌ ተያዘና ለ170 ገጽ ከሚገባው ግማሽ እንዲከፈል ተባለ፤ ተከፈለም። ሆኖም ሁለቱ ሰዎች እንደ ቀድሞው አይደዋወሉም። አንዱ ከአንጡራ ገንዘቤ ላልተጠቀምኩበት ሥራ ከፈልኩ ይላል፤ ሌላው ደግሞ በጭንቅ ቀን የሠራሁት ሥራ በግማሽ ተቈጠረ ይላል። በወንድማማች መካከል ውል ምን ይሠራል ለሚሉን መልሳችን እንግዲህ ይህ ነው፤ ውል የሚጻፈው ወንድማማችነቱ እንዳይጠፋ ነው።

ከመድረሳው የተማርነው

በልጅነታችን በመድረሳ ስንቀራ የኢጃራ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ፣ ይህ የነጋዴዎች ጕዳይ ነው እያልን እናልፈው ነበር። ዛሬ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያስፈልገን እርሱ ሆኗል። በኢጃራ ሥራው የታወቀ፣ ዋጋውም የታወቀ መሆን አለበት። ዋጋው ሳይጠራ የተሠራ ሥራ ቢያጣላ ወደ አምሳያው ሥራ ዋጋ ይመለሳል፤ ኡጅረቱል ሚስል ይባላል። ችግሩ ግን የመጽሐፍ እርማት ገበያ ወጥቶ የሚታይ ዋጋ የለውም። እዚህ መቀሌ ዕዳጋ ሰኑይ ከአፋር የመጣውን አሞሌ ጨው የሚገዛ ሰው ቈጥሮ፣ አይቶ፣ ጠይቆ ይገዛል። የእርማትን ዋጋ ግን ማንን ትጠይቃለህ? ስለዚህ አስቀድሞ መነጋገር የግድ ነው።

በሱረቱል በቀራ 282ኛው አያ ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። የሚናገረውም ስለ ዕዳና ስለ ውል አጻጻፍ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ ከነጊዜው መጻፍን እንዳንሰለች ያዝዛል፤ ዕዳው ያለበት ሰው ራሱ እንዲያስጽፍ፣ ምስክሮች እንዲኖሩ፣ ጸሐፊውም ምስክሩም እንዳይጐዱ ይደነግጋል። ይህ የተነገረው እርስ በርሳቸው ለማይተማመኑ ጠላቶች አይደለም፤ ለምእመናን ነው። እንግዲህ «ውል እንጻፍ» ማለት ወንድምን መጠርጠር ነው የሚለው አባባል ከየት መጣ?

የሀገራችንም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገን ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቈጥረዋል። በቃል የተደረገ ውል እንኳ ሕጉ በጽሑፍ ይሁን ካላለ በቀር ይጸናል። ግን በቃል የተባለውን ማን ያስረዳል? ሕጉ ራሱ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ የሚፈልገው የሰው ቃል እንደሚረሳ ስለሚያውቅ ነው። ከአቅም በላይ ስለ ሆነ ነገርም በቍጥር 1792 ተደንግጓል፤ ይሁን እንጂ የእርማት ውል ይዘው ፍርድ ቤት የሚቆሙ ወንድማማቾችን ማየት ማንም አይፈልግም።

ከሐጂው ጋር ያደረግነው ድርድር

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት በአዲስ አበባ መጻሕፍት የሚያሳትሙ አንድ ሐጂ ደወሉልን። ስለ ልጆች አስተዳደግ ከዐረብኛ የተተረጐመ 300 ገጽ ረቂቅ ነበራቸው።

«ኡስታዝ፣ ሥራዋ ቀላል ናት፤ ፊደሏን ለቀም ለቀም ማድረግ ነው። ዋጋውን ደግሞ ወንድማዊ አድርግልን» አሉና አንድ ገንዘብ ጠሩ።

እኛም «ሐጂ፣ አላህ ያክብርልን። መልስ ከመስጠታችን በፊት ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው በድምሩ 10 ገጽ ይላኩልን» አልናቸው። ከሦስቱም ቦታ መጠየቃችን ያለ ምክንያት አልነበረም። የማንኛውም ረቂቅ የመጀመሪያ ገጾች ንጹሕ ናቸው፤ ተርጓሚ የሚደክመው ከመካከል ጀምሮ ነው።

10ሩን ገጽ ስናርም 4 ሰዓት ፈጀ። እንግዲህ 300ው ገጽ 120 ሰዓት ሊወስድ ነው። ከገጽ ቅንብር በኋላ ያለው ንባብ ሲጨመር፣ በሰዓት 15 ገጽ ቢነበብ እንኳ፣ ሌላ 20 ሰዓት ይፈልጋል። በሳምንት 5 ማታ፣ በማታ 2 ሰዓት ብንሠራ 14 ሳምንት ይሆናል። ሐጂው የጠሩትን ገንዘብ ለ140 ሰዓት ብናካፍለው፣ ልጆች በቤት እያስጠናን ከምናገኘው የሰዓት ክፍያ ከግማሽ በታች ወረደ።

ይህን ሒሳብ ባለቤታችን አጠገባችን ቁጭ ብላ ታየው ነበር። የተናገረችው ቃል ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖናል፤ «ሥራው ሶደቃ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ከልጆቹ ጊዜ ተቀንሶ ለአላህ ይሰጥ። የቤት ኪራይ የምንከፍልበት ከሆነ ደግሞ ለሐጂው በግልጽ ንገራቸው። ሶደቃም ደመወዝም ያልሆነ ነገር ግን ቤታችን አይግባ» አለች። በሱረቱል ቀሶስ ሙሳን (ዐ.ሰ.) እንዲቀጥረው ለአባቷ ምክር ያቀረበችው ልጅ ነበረች። ሙሳም ጠንካራና ታማኝ መሆኑን መስክራለች። ስለ ቅጥርና ስለ ገንዘብ ከቤተሰብ ጋር መማከር ነውር የሚመስለን ወንዶች ካለን ይህን እናስታውስ።

በማግሥቱ ለሐጂው ደወልን። «ሐጂ፣ እርማት የሚባለው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የፊደልና የነጥብ ግድፈት መልቀም ነው። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገሩን ማቃናትና አጻጻፉን አንድ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ከዐረብኛው ዋና መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ነው። የትኛውን ነው የሚፈልጉት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሦስቱንም ነው እንጂ!» አሉና ሳቁ። «ግን ኡስታዝ፣ አንተም የእኔን አታውቅም። ወረቀት ተወደደ። ባለ ሱቁ መጽሐፉን በዱቤ ወስዶ ገንዘቡን የሚያመጣው ከስንት ምልልስ በኋላ ነው። ኪታቧን የማሳትመው ለትርፍ ብዬ እንዳልሆነ አላህ ያውቃል።»

ይህን ሲሉ እውነታቸውን እንደ ነበር አልተጠራጠርንም። ሆኖም «ሐጂ፣ ወረቀት ነጋዴውና ማተሚያ ቤቱስ በወንድማዊ ዋጋ ነው የሚሠሩልዎት?» ብለን ጠየቅናቸው። ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «የለም፤ እነርሱ በገበያ ዋጋ ነው» አሉ። ከዚህ በኋላ ንግግሩ ቀለለ። እርሳቸውም እኛም ያለንን ገልጸን መነጋገር ቻልን።

ስምምነታችንም እንዲህ ሆነ። ሙሉውን ከዐረብኛ ጋር ማመሳከሩ ቀረ፤ የቁርኣን አያዎች፣ ሐዲሶችና ተርጓሚው ራሱ ምልክት ያደረገባቸው ቦታዎች ብቻ እንዲመሳከሩ ተስማማን። በዚህም ሥራው ቀነሰ፤ ዋጋውም እርሳቸው ከጠሩትና እኛ ከጠየቅነው መካከል ላይ ቆመ። በመጨረሻ «ለአላህ» የሚለውን ነገር አነሣን። «የመጽሐፉን የቃላት ማውጫ ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን፤ ይህን በሶደቃ ያዙልን» አልናቸው። ሐጂው በጣም ደስ አላቸው። በውሉም ላይ ማውጫው በስጦታ እንደሚሠራ ተጻፈ።

ይህን ያደረግነው ከሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ተምረን ነው። የመድየኑ አዛውንት ሙሳን ሲቀጥሩ ግዴታው ስምንት ዓመት ነበር፤ ዐሥር ቢሞላው ደግሞ ከራሱ በጎ ፈቃድ የሚሆን ነበር። ግዴታውና ስጦታው በየስማቸው ተጠርተዋል። ስምንቱን ዐሥር ነው ብሎ ማስገደድም፣ ሁለቱን ከጨመሩ በኋላ እንደ ዕዳ መጠየቅም አልነበረም።

ሐጂውም በተራቸው «ብትዘገይስ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማተሚያ ቤት ወረፋ ይዘዋልና። ከተባለው ቀን በኋላ ለሚያልፍ ለእያንዳንዱ ሳምንት ከመጨረሻው ክፍያ የተወሰነ እንዲቀነስ ተስማማን። ልብስ ሰፊ ዛሬ ቢጨርስ ይህን ያህል፣ ነገ ቢጨርስ ያን ያህል ተብሎ ዋጋ ቢቈረጥለት ይቻላል ወይ? የሚለውን ፉቀሃእ ከጥንት ጀምሮ ተከራክረውበታል። እኛ ደግሞ የረመዷን ወር ከቍጥሩ እንዲወጣ ጠየቅን፤ ማታውን ተራዊሕ ይይዘዋልና። እርሳቸውም «እሱማ ለእኔም ነው» ብለው ተቀበሉ።

በውሉ ላይ ምን ይስፈር?

ይህን ሥራ ለመሥራት ለሚያስቡ ወጣቶች፣ በተለይም ኮምፒዩተር ለያዙ እኅቶችና ወንድሞች፣ ልምዳችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። ውሉ ከአንድ ገጽ ባይበልጥም ይበቃል፤ የሚከተሉት ግን ባይጐድሉበት መልካም ነው።

1ኛ. መለኪያው። በገጽ ብቻ አትዋዋሉ። በትልቅ ፊደልና በሰፊ መስመር የተጻፈ ገጽ 200 ቃል ሲይዝ፣ በትንሽ ፊደልና በጠባብ መስመር የተጻፈው 400 ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ አንዱ 300 ገጽ 60,000 ቃል ሲሆን ሌላው 300 ገጽ 120,000 ቃል ነው ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ቃሉን በቅጽበት ይቈጥራልና በቃል ብዛት ተስማሙ። ተርጓሚው ኋላ አዲስ ምዕራፍ ቢጨምርም ጭማሪው በዚያው ልክ ይታሰባል።

2ኛ. ዙሩ። ስንት ጊዜ ታነባላችሁ? ረቂቁን አንድ ጊዜ፣ ከገጽ ቅንብር በኋላ አንድ ጊዜ ከሆነ እንዲሁ ይጻፍ። ከሁለተኛው በኋላ ተርጓሚው ሐሳቡን ቀይሮ እንደገና የሚያስነብብ ከሆነ እርሱ ሌላ ሥራ ነው።

3ኛ. የመክፈያው ቀን። «መጽሐፉ ሲሸጥ እንከፍላለን» የሚለውን አትቀበሉ። መጽሐፉ ባይሸጥ አራሚው ከኪሳራው ተካፋይ ሊሆን ነው፤ ቢሸጥ ደግሞ ከትርፉ ድርሻ የለውም። የሽርክና ውል ከሆነ ትርፉም ኪሳራውም በሽርክና ሕግ ይሁን፤ ቅጥር ከሆነ ግን ሥራው ሲያልቅ ክፍያው ይድረስ። ስለ ሠራተኛ ደመወዝ የመጣውን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም የለም። እኛና ሐጂው ሲጀመር፣ ረቂቁ ሲመለስና ከቅንብር በኋላ ያለው ንባብ ሲያልቅ ብለን በሦስት ከፈልነው። ከክፍያው የሚቀነስ ግብር ካለም ማን እንደሚችለው አስቀድሞ ይነገር።

4ኛ. የመጨረሻው ቃል። አራሚ ሐሳብ አቅራቢ ነው፤ ባለቤቱ ደራሲው ወይም ተርጓሚው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410 ደራሲ ሥራው ተጣሞ ሲቀርብ የመቃወም መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ የምታደርጉት ለውጥ ሁሉ በቀለም ተለይቶ እንዲታይ አድርጋችሁ ላኩ። በተለይ በዲን መጽሐፍ ውስጥ የሑክም ጕዳይ አጠራጣሪ መስሎ ቢታያችሁ በኅዳጉ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትለውጡ። ይህንንም በውሉ ላይ አስፍሩት፤ እናንተንም ከተጠያቂነት ያድናችኋል።

5ኛ. ቢቋረጥስ? አዲስ አበባ ከመቀሌ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ መስመርም ሊቋረጥ እንደሚችል አይተናል። እኛ በውላችን «ለ30 ቀን ግንኙነት ቢጠፋ ሁለቱም ወገን ነጻ ናቸው፤ እስከዚያች ቀን የታረመው ግን በቃል ብዛቱ ይከፈላል» ብለን ጽፈናል። ባልደረባችንና አሳታሚው ይህ መስመር ቢኖራቸው ኖሮ ዛሬም በተደዋወሉ ነበር። ሞትና ሕመምም በዚሁ ይታሰቡ፤ ለወራሽ የሚቀረው መብትም ዕዳም ግልጽ ይሁን።

6ኛ. ስም። ስማችሁ በመጽሐፉ የውስጥ ገጽ ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? ይህን መጠየቅ ዝናን መፈለግ አይደለም። የሚቀጥለው አሳታሚ ሥራችሁን የሚያውቀው በዚያ ነው፤ ስሕተት ቢገኝም የሚጠየቅ ሰው ይታወቃል። የማይፈልግ ደግሞ እንዳይጻፍ ይበል።

ለአሳታሚዎች

ውድ የመጻሕፍት አሳታሚዎች ሆይ፣ እናንተም ብዙ ሸክም እንዳለባችሁ እናውቃለን። ሆኖም አራሚውን «ለአላህ ብለህ» ስትሉት ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ሶደቃ የሚሰጠው በባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ በይሉኝታ የወጣ ነገር በጎ ፈቃድ ነው ለማለት ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ክፍያው ያነሰበት አራሚ ዘይድ ወይም ዐምር ስለሆነ ሳይሆን ኑሮ ስላስገደደው ገጹን ሮጥ ሮጥ እያለ ያልፈዋል። ያን ጊዜ የሚጐዳው መጽሐፉን ለልጁ ገዝቶ የሚገባው አባት ነው፤ የተሳሳተ የአያ ቍጥር፣ የተገደፈ ቃል ይዞ ይቀመጣል። በእውነት የሶደቃ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ «በሶደቃ ልትሠራልን ትችላለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ፤ «አልችልም» ቢላችሁም አትቀየሙት። ብዙ ወንድሞች በግልጽ ሲጠየቁ በደስታ እሺ እንደሚሉ እናውቃለን።

የሐጂው መጽሐፍ ታርሞ፣ ተቀናብሮ ለኅትመት ከተላከ በኋላ ሦስተኛው ክፍያ በቀኑ ደረሰን። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ከፈልንበት። ከሳምንት በኋላም ሐጂው ሌላ ረቂቅ እንዳላቸው ነግረውን፣ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት «10 ገጽ ልላክልህ?» ብለው ጠየቁን።

አላህ (ሱ.ወ.) ኪዳናቸውን ከሚሞሉ፣ ሚዛን ከማያጐድሉ፣ ለሠሪም ለአሠሪም መብቱን ከሚጠብቁ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።